ነባር ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጦች፦ አያያዝ፣ አተኳኮስና የባለይዞታ ግዴታ በወላይታ ሶዶና በወላይታ ዞን

ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተኩስ፣ ባዶውን ቀለህ ራሱ አስፈንጥሮ የሚጥልና ቀጣዩን ጥይት ከካዝናው አንሥቶ የሚያጎርስ የእጅ ጦር መሣሪያ ነው። በተለያየ ዘመን ወደ አገራችን የገቡት ቤሬታ፣ ኮልት፣ ቶካሬቭና ማካሮቭ ከዚህ ወገን ይመደባሉ። እነዚህ ሽጉጦች ዕድሜያቸው ቢገፋም የተሠሩበት ብረት ጠንካራ በመሆኑ በርካቶቹ ዛሬም ይተኩሳሉ። አደጋቸውም ከዚሁ ይጀምራል፤ አሮጌ መስሎ የሚታይ መሣሪያ የሞተ መሣሪያ አይደለም።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በሁለት ሁኔታ ውስጥ ለሚገኙ ነዋሪዎች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሕጋዊ ፈቃድ ኖሯቸው ነባር ሽጉጥ የያዙ ግለሰቦችና በጥበቃ ሥራ የተሰማሩ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ከአባት ወይም ከአያት በቀረ ሣጥን ውስጥ ሳያስቡት ሽጉጥ ያገኙ ቤተሰቦች ናቸው። ለሁለቱም ወገኖች ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ካዝናው የወጣለት ሽጉጥ ባዶ ሽጉጥ አይደለም።

ሽጉጦቹ ወደ አካባቢው የመጡበት ዘመን

በ1887 ዓ.ም ካዎ ጦና ከዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ባደረጉት ጦርነት የወላይታ ተዋጊ በአብዛኛው የተማመነው በጦርና በጋሻ ነበር። በዚያን ጊዜ ውጤቱን የወሰነው ጠመንጃ እንጂ ሽጉጥ አልነበረም። ሽጉጥ በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የመኮንንና የሹም መለያ ሆኖ የኖረ መሣሪያ ነው።

ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት ወቅት የመኮንኖቿ ዋነኛ ሽጉጥ ቤሬታ ነበር፤ በተለይም የ1934 ሞዴል በመባል የሚታወቀው፣ አጭሩን ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርሰውና በካዝናው 7 ጥይት የሚይዘው ነው። በግንቦት 1933 ዓ.ም ሶዶ የነበረው የጣሊያን ጦር ለእንግሊዝ ሠራዊት እጁን ሲሰጥ ከተማዋ የደቡቡ ጦር ግንባር አንዷ መቋጫ ሆናለች። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የቀረ ቤሬታ በአንድ ቤት ሣጥን ሥር ቢገኝ የሚያስደንቅ አይሆንም። ኢትዮጵያ በ1945 ዓ.ም ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ከተፈራረመች በኋላ ደግሞ የሠራዊቱ ትጥቅ በብዛት አሜሪካዊ ሆነ። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ የታጠቀው ከባዱ ኮልት ከዚህ ዘመን ጋር የሚያያዝ ነው። ከ1969 ዓ.ም ወዲህ የጦር መሣሪያ ምንጩ ወደ ሶቭየት ኅብረት ሲዞር ቶካሬቭና ማካሮቭ ተከተሉ፤ ከሁሉም በላይ ስሙ በሕዝብ አፍ የገባው ማካሮቭ ነው።

በየጊዜው በኮንትሮባንድ ሲጓጓዙ ተያዙ የሚባሉት የቱርክ ሥሪት ሽጉጦች ከነባሮቹ ወገን ስላልሆኑ እዚህ በዝርዝር አይታዩም። ከእነዚህ መካከል ግን ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ አፈሙዛቸው ተቦርቡሮ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተደረጉ መኖራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሽጉጥ የጥይቱን ግፊት እንዲችል ሆኖ ስላልተሠራ በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ካዝናው ሲወጣ በውስጥ የሚቀረው

የሽጉጥ ጥይቶች የሚቀመጡት በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በእጀታው ውስጥ የሚገባው ካዝና ነው። ሁለተኛው በአፈሙዙ የኋላ ጫፍ የሚገኘው፣ ለመተኮስ የተዘጋጀው አንድ ጥይት ብቻ የሚያርፍበት ማጉረሻ ነው። ሽጉጡ አንድ ጊዜ ከተቀባበለ አንድ ጥይት ካዝናውን ለቅቆ ማጉረሻው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ካዝናው ቢወጣ ያ ጥይት በቦታው ይቆያል። ማካሮቭም ሆነ ቶካሬቭ፣ ነባሩ ኮልትም ቢሆን፣ ካዝና ሳይኖራቸው ምላጫቸው ቢሳብ ይህን አንድ ጥይት ይተኩሳሉ። «ካዝናውን አውጥቼዋለሁ» የሚለው ቃል በቤት ውስጥ፣ በጥበቃ ቤትና በጓደኛሞች መካከል ሕይወት ሊያስከፍል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሥልጠና ያለፈ ባለፈቃድ ሽጉጡን ሲያራግፍ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አይገባውም። የአፈሙዙ ጫፍ ሰው ወደማይገኝበትና ጥይት ቢወጣ ውጦ ወደሚያስቀረው አቅጣጫ ይዞራል፤ ለስላሳ አፈር ወይም የአሸዋ ከረጢት ይመረጣል፣ ሲሚንቶ ወለልና ድንጋይ ግን አረሩን መልሰው ያነጥሩታል። ጣት ከምላጩ ውጭ፣ በሽጉጡ ጎን ላይ ተዘርግቶ ይቆያል። ካዝናው መጀመሪያ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ተስቦ በማጉረሻው ያለው ጥይት እንዲወድቅ ይደረጋል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ተንሸራታቹ ወደ ቦታው ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ጥይት ያጎርሳል፤ ያራገፈ የመሰለው ሰውም የተቀባበለ ሽጉጥ ይዞ ይቀራል። በመጨረሻ ተንሸራታቹ እንደተሳበ ማጉረሻው በዓይን ይታያል፣ በትንሿ ጣት ጫፍም ይዳሰሳል። መዳሰሱ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። ባረጀ ሽጉጥ ላይ ጥይቱን ጎትቶ የሚያወጣው ትንሽ መንጠቆ ሊዶለዱም ወይም ሊሰበር ስለሚችል ተንሸራታቹ ሲሳብ ጥይቱ ሳይወድቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ምሽት ላይ በደካማ ብርሃን ደግሞ ዓይን ይሳሳታል።

ቤሬታ እዚህ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። የመጨረሻው ጥይት ተተኩሶ ሲያልቅ ተንሸራታቹን ከፍቶ የሚያቆመው ባዶው ካዝና ነው፤ ካዝናው ሲወጣ ተንሸራታቹ ይዘጋል። በመሆኑም ተዘግቶ የተገኘ ቤሬታን ዓይቶ ባዶ ይሁን ጉርስ መለየት አይቻልም።

ሽጉጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ካዝናው ወጥቶ፣ ተንሸራታቹ ተከፍቶና እጀታው ወደ ተቀባዩ ዞሮ መሆን አለበት። ተቀባዩም ሰጪው ፊቱ ያራገፈውን መሣሪያ እንደገና ራሱ ይፈትሻል። ይህ ሰጪውን አለማመን ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ በሠራዊትና በፖሊስ ውስጥ አለቃም ከበታቹ ሲቀበል የሚያደርገው ነው።

የመጠበቂያው ልዩነት

አንዱን ሽጉጥ የለመደ እጅ በሌላው ላይ ይሳሳታል። የማካሮቭ መጠበቂያ በተንሸራታቹ ግራ ጎን ላይ ይገኛል፤ ወደ ላይ ሲገፋ ይቆልፋል፣ ወደ ታች ሲወርድ ሽጉጡ ለተኩስ ዝግጁ ይሆናል፣ ቀይ ነጥብም ይታያል። በብዙ ሌሎች ሽጉጦች ላይ፣ ተመሳሳይ ቦታ የተቀመጠ መጠበቂያ የሚቆልፈው ወደ ታች ሲወርድ ስለሆነ እነዚያን የለመደ ሰው ማካሮቭን ቆለፍኩ ብሎ ሊከፍተው ይችላል። ከዚህም ሌላ የማካሮቭ መጠበቂያ ተቆልፎ ሳለ ተንሸራታቹ አይሳብም። ለማራገፍ መጠበቂያውን መክፈት ግድ ነው፤ ጣት ከምላጭ መራቁ ይበልጥ የሚያስፈልገውም በዚያች ቅጽበት ነው።

የ1934ቱ ቤሬታ መጠበቂያ በግማሽ ክብ የሚዞር ሲሆን የሚያግደው ምላጩን ብቻ ነው። መዶሻውን ስለማይቆልፍ በተቆለፈ ቤሬታም ላይ ቢሆን መተማመን ተገቢ አይሆንም። ኮልት ሁለት መጠበቂያ አለው፤ አንዱ በአውራ ጣት የሚገፋ፣ ሌላው በእጀታው ጀርባ ላይ ሆኖ መዳፍ ሲጨብጠው የሚለቅ ነው።

የቶካሬቭ ነገር ከሁሉም የተለየ ነው። የሶቭየቱ ቶካሬቭ በእጅ የሚቆለፍ መጠበቂያ ጭራሽ የለውም። ያለው መዶሻው በግማሽ መንገድ ላይ የሚቆምበት ጥርስ ብቻ ሲሆን ይህ ጥርስ በዕድሜ ብዛት ሊበላ ይችላል። እንዲህ ባለ ሽጉጥ ማጉረሻው ውስጥ ጥይት ይዞ መንቀሳቀስ፣ ቢወድቅ ሊተኩስ የሚችል ነገር በወገብ ታጥቆ መሄድ ማለት ነው። የቶካሬቭ ባለፈቃድ ማጉረሻውን ሁልጊዜ ባዶ ማድረግ ይኖርበታል።

አንድ ቁጥር፣ የተለያየ ጥይት

በገበያ አነጋገር «የዘጠኝ ጥይት» እና «የሰባት ስድሳ ሁለት ጥይት» ይባላል። ይህ አጠራር አሳሳች ነው። ቁጥሩ የሚገልጸው የአረሩን ውፍረት በግምት እንጂ የጥይቱን ርዝመትና ኃይል አይደለም። የቤሬታው ዘጠኝ ቀለህ ርዝመቱ 17 ሚሊ ሜትር፣ የማካሮቩ 18፣ በዘመናዊ ሽጉጦች ዘንድ የተለመደው ደግሞ 19 ነው። የማካሮቭ አረር ከሌሎቹ ጥቂት ይወፍራል፤ ባለ 19 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ግፊቱ ከሁለቱም ይበልጣል። የአንዱን ለሌላው ለማስገባት መሞከር ቢያንስ መሣሪያውን ያበላሻል፤ ከከፋም እጅንና ዓይንን ያጠፋል። የቶካሬቭና የክላሽንኮቭ ጥይቶችም ሁለቱም 7.62 ቢባሉም የቶካሬቩ ቀለህ 25፣ የክላሹ 39 ሚሊ ሜትር ርዝመት ስላለው የሚያገናኛቸው ቁጥሩ ብቻ ነው። በጣም የሚያሠጋው ግን ማውዘር የሚባለው የጀርመን ጥንታዊ ሽጉጥ ነው፤ የቶካሬቭ ጥይት በመልክም በመጠንም ከእርሱ ጥይት ጋር ስለሚቀራረብ ማጉረሻው ውስጥ ይገባል፣ ኃይሉ ግን ለዚያ አሮጌ ብረት ይከብዳል።

ጥይት ራሱ ያረጃል። በወላይታ የበልግና የክረምት ዝናብ ተከታትሎ ስለሚመጣ በቤት ውስጥ ያለው እርጥበት ረጅም ወራት ይቆያል። አረንጓዴ ዝገት የያዘ፣ የተጣመመ ወይም አረሩ በቀለሁ ውስጥ የሚነቃነቅ ጥይት አይተኮስም፤ በዘይት ማሸትም አያድነውም፣ እንዲያውም ዘይት ወደ ባሩዱ ሰርጎ ያበላሸዋል። ሽጉጥን ለረጅም ጊዜ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ማስቀመጥም ልማድ ቢሆንም ጎጂ ነው። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱን ከውጭ ሳይታይ ያዝገዋል። ተጠርጎና ስስ ዘይት ተቀብቶ በደረቅ ቦታ ከማኅደሩ ውጭ ቢቀመጥ የተሻለ ነው።

ስለ አተኳኮስ

የተኩስ ልምምድ የሚፈቀደው ኃላፊነት ባለው አካል ለዚሁ በተለየ ሥፍራ፣ በአሠልጣኝ ቁጥጥር ሥር ብቻ ነው። ገላጣ ሜዳ፣ የወንዝ ዳርቻ ወይም የዳሞታ ተራራ ግርጌ የተኩስ ሥፍራ አይደለም። የሽጉጥ አረር ዒላማውን ቢስት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል፤ ወላይታ ደግሞ በአገራችን የሕዝብ ጥግግቱ እጅግ ከፍተኛ ከሆነባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከአንዱ ግቢ እንሰት ባሻገር የሌላው ጎረቤት ደጃፍ ይጀምራል። የእንሰት ግንድ ውኃ የሞላበት ለስላሳ ተክል በመሆኑ አረርን ያቆማል ተብሎ አይታመንም፤ የቆርቆሮ አጥርም፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ግድግዳም እንዲሁ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይትም ተመልሶ ይወርዳል። በሠርግ፣ በለቅሶ ወይም በጊፋታ በዓል ደስታን ወይም ሐዘንን በተኩስ መግለጽ የሚከለከለው ለዚህ ነው።

በሥልጠና ላይ ያለ ሰው ነባር ሽጉጦችን ሲተኩስ ልብ ሊላቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። የነባሮቹ ማነጣጠሪያ ጠባብና ዝቅ ያለ ስለሆነ ዓይን መትከል ያለበት በዒላማው ላይ ሳይሆን በፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ነው፤ ዒላማው ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ቢታይ ጉዳት የለውም። ሁለቱም እጆች እጀታውን ይጨብጣሉ፣ የግራ እጅ አውራ ጣት ግን ከተንሸራታቹ ጀርባ መሻገር የለበትም። ተንሸራታቹ በእያንዳንዱ ተኩስ በኃይል ወደ ኋላ ስለሚመጣ ጣትን ይቆርጣል። ምላጩ በዝግታ፣ ተኩሱ መቼ እንደሚወጣ ሳይጠበቅ፣ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ይሳባል። ማካሮቭን በተመለከተ የመጀመሪያው ሲስቡ ይከብዳል፤ ምላጩ መዶሻውንም አብሮ ስለሚያነሣ ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ይቀላል። አዲስ ሠልጣኝ ሁለተኛውን ጥይት ሳያስበው የሚለቀው በዚህ ልዩነት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ምላጭ ተስቦ ጥይቱ ባይተኩስ ሽጉጡን ወዲያው አዙሮ መመልከት ክልክል ነው። የዘገየ ጥይት ሊኖር ስለሚችል አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ይራገፋል። የተኩሱ ድምፅ እንደወትሮው ሳይሆን ደክሞ ከተሰማ ግን አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ሊሆን ይችላል። ሌላ ጥይት ከኋላው መልቀቅ ሽጉጡን ስለሚያፈነዳ ተኩሱ በዚያው ይቆማል፣ አሠልጣኙም ይጠራል።

ከወላጅ የቀረ ሽጉጥ ሲገኝ

የቤተሰብ አባል አርፎ ንብረቱ ሲታይ፣ ቤት ሲፈርስ ወይም ጓሮ ሲቆፈር ሽጉጥ ሊገኝ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ የሚሰጠው ምክር ከላይ ለሠለጠኑት ከተሰጠው ተቃራኒ ነው፦ አለማንሣት፣ አለማራገፍ፣ አለመፍታት። ዝገት የበላው ሽጉጥ በውስጡ ጥይት ይኑር አይኑር ከውጭ አይታወቅም፤ የመምቻው መርፌ ወደፊት ተጣብቆ ከቀረ ደግሞ ተንሸራታቹን መነካካት ብቻውን ሊያስተኩስ ይችላል። ልጆች ከክፍሉ ይወጣሉ፣ በሩ ይቆለፋል፣ ለቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ይነገራል። ሽጉጡን በቦርሳ አድርጎ በባጃጅ ወይም በአውቶቡስ ወደ ጣቢያ መውሰድ በቅን ልቦና ቢሆንም አይመከርም፤ በመንገድ ላይ በፍተሻ ቢገኝ ያለ ፈቃድ ይዞ እንደመንቀሳቀስ ስለሚቆጠር ዓላማውን ማስረዳት ያስቸግራል። አስቀድሞ በአካል ወይም በስልክ ማሳወቅና ፖሊስ በሚሰጠው መመሪያ መሠረት መሄድ ይሻላል።

ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለቤት አይደለም። አባት ፈቃድ የነበራቸው መሆኑ ለልጅ የመያዝ መብት አያስገኝም። የቀድሞው የፈቃድ ወረቀት ከተገኘ ግን የመሣሪያውን አመጣጥ ስለሚያስረዳ ተጠብቆ ከመሣሪያው ጋር ለፖሊስ መቅረብ ይኖርበታል። ቤተሰቡ ሽጉጡን ለዘመድ ማስተላለፍ፣ መሸጥ ወይም መልሶ መቅበር አይችልም። ለአባት መታሰቢያ የሚሆን ነገር መፈለግ ሰብዓዊ ነው፤ ለዚህ ግን ፎቶግራፍና ማኅደሩ ይበቃሉ።

ፈቃድና ተጠያቂነት

የጦር መሣሪያ ይዞታ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን የቁጥጥሩ ሥራ በፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን ይመራል። ለዞኑ ነዋሪ ቅርብ የሆነው በር በሚኖርበት ወረዳ ወይም በወላይታ ሶዶ ከተማ ያለው የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ነው። ወላይታ ሶዶ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል በመሆኗ ከወረዳና ከዞን ያለፈ ጉዳይ እንደቀድሞው ወደ ሐዋሳ አይወስድም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብትን ሲደነግግ መሣሪያ ሳይያዝ እንዲሆን ማስፈሩም መዘንጋት የለበትም፤ ባለፈቃድም ቢሆን ሽጉጥ ታጥቆ ወደ ስብሰባ አይሄድም።

በሽጉጥ የሚደርስ ጉዳት «አላወቅኩም፣ ባዶ መስሎኝ ነው» በማለት አይታለፍም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ መቀጮ ያስቀጣል። አድራጊው ግልጽ ደንብን ወይም መመሪያን በመጣስ ሲገድል ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሲሞቱ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ራስን ለመከላከል ሽጉጥ የያዘ ሰውም የአንቀጽ 78ን ወሰን ማወቅ አለበት፤ ጥቃቱ ሕገ ወጥና ወዲያው የሚደርስ፣ በሌላ መንገድም ሊገታ የማይችል መሆን አለበት፣ መከላከያውም ከጥቃቱ ጋር መመጣጠን ይኖርበታል። ሸሽቶ በሚሄድ ሌባ ላይ መተኮስ በዚህ ሚዛን የሚቆም አይደለም።

በቤት ውስጥ ሽጉጡ በአንድ የተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ፣ ቁልፎቹም ከባለፈቃዱ ጋር ይሆናሉ። ትራስ ሥርና ቁም ሣጥን አናት ልጆች መጀመሪያ የሚደርሱባቸው ቦታዎች ናቸው።

ጉዳት የደረሰ እንደሆነ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ሳይለቀቅ ይያዛል፤ አረሩን ለማውጣት መሞከር፣ ውኃ ወይም ምግብ መስጠት አይገባም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ ቁጥጥሩ ሳይላላ በተገኘው ተሽከርካሪ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም፣ በሶዶና በአቅራቢያዋ ለሚገኙ ደግሞ ወደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይወሰዳል። የሽጉጥ ቁስል ከውጭ ትንሽ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ በውስጥ የሚፈሰው ደም ግን አይታይም። ስለዚህ ጉዳተኛው መቆምና መናገር ቢችልም ወደ ሕክምና ይሄዳል። ሽጉጡን በተመለከተ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ አንድ ሰው ቦታውን ይጠብቃል፣ ማንም አይነካውም።